ዓሣዎቼን አታብሉብኝ

ዲላ ውስጥ ነፍስ ያለውን ነገር አስርቦ ማቆየት አይቻልም። ሰውም ቢሆን፣ ድመትም ቢሆን፣ ዓሣም ቢሆን። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ጨጓራዬ ተልጦ ነው።

እዚሁ ዲላ ተወልጄ አድጌ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለዚህ «የአገርሽን ሰው ጠባይ አታውቂም ነበር?» የሚለኝ ሰው ካለ እውነት አለው። እናቴ እንኳን የተጠራ እንግዳ ቀርቶ ቤት ተሳስቶ ያንኳኳን ሰው ሳታጎርስ አትመልስም ነበር። ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ስቆይ፣ ሰው በር ላይ የተለጠፈ ነገር አንብቦ ያከብራል ብዬ ማመን ጀምሬ ኖሯል። ሞኝነት ነው።

ነገሩ የመጣው በኅዳር፣ የቡና ለቀማው በተጧጧፈበት ሰሞን ነው። አንዲት ሴት ኢዲዶ ከምትባል የገጠር መንደር ተነስታ፣ እስከ ዋናው መንገድ በሞተር ሳይክል፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ ጥቁር ፌስታል ታቅፋ ቢሮዬ ገባች። ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ከማርማቸው የተማሪዎች ፈተናዎች ላይ አሳረፈችው። ምን እንዳለበት ሳይከፈት ሽታው ነገረኝ።

«ዓሣ ነው» አለች። «ሞተብኝ። ሁሉም ሞተ።»

ሃምሳ ዓመት ገደማ ትሆናለች፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ከጓሮዋ፣ ከእንሰቱ ዝቅ ብሎ፣ ራሷ ያስቆፈረችው ኩሬ አላት። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ታረባበታለች። በመንደሩ ከእሷ በፊት ዓሣ ያረባ ሰው አልነበረም፤ በኋላ ኩሬ የቆፈረ ሁሉ እሷን ጠይቆ ነው የቆፈረው። ከኩሬዋ በላይ ያለው ተዳፋት የባሏ ወንድም የቡና ማሳ ነው። ሰውየው የረገፈችው ቡና በሣር ውስጥ እንዳትጠፋበት ከለቀማው በፊት የአረም ማጥፊያ ረጨ። ብዙም ሳይቆይ ዓሣዎቹ በአንድ ጠዋት አለቁ። እሷም እሑድ ምእመናኑ ከጸሎት ቤት እስኪወጡ ጠብቃ «ዓሣዬን መርዞ ገደለ» ብላ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች። እሱ «እኔ አይደለሁም» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ ቤቶች እሳት አይጫጫሩም።

ጉዳዩ ሶንጎ ደረሰ። ሶንጎ በጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚያጣሩበት ሸንጎ ነው። ሁለቱንም ሰሟቸው፤ ግን ማንም በዓይኑ ያየው ነገር ስለሌለ መፍረድ አልቻሉም። «መድኃኒቱ ዓሣውን ገድሎ እንደሆነ ዩኒቨርሲቲ ይጠየቅ» ብለው ነገሩን በይደር አቆዩት። ዩኒቨርሲቲ ማለት እንግዲህ እኔ ሆንኩ።

«መምህር፣ እኔ ውሸታም አይደለም» አለችኝ። «ዓሣው ይቅር። ዓሣ ይተካል። እሱ ካልገደለ ግን እኔ በሰው ስም የሚጫወት ሴት ሆንኩ ማለት ነው። ከዚያ ጸሎት ቤት በየት በኩል ልግባ?»

እሺ አልኳት። ያን ጊዜ ምላሴን መንከስ ነበረብኝ።

ሙከራው ሲያወሩት ቀላል ነው። የመስታወት ገንዳዎች ይደረደራሉ፤ በየገንዳው ጤነኛ ትናንሽ ዓሣዎች ይገባሉ፤ ኬሚካሉ ከጥቂቱ ጀምሮ እየጨመረ በየገንዳው ይደረጋል፤ አንዱ ገንዳ ግን ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሆናል። አራት ቀን ተጠብቆ የቱ መጠን ምን ያህሉን እንደገደለ ይታያል። ዳኛው ንጹሑ ገንዳ ነው። እዚያ ያሉት ከሞቱ የሌሎቹ ሞት ምንም አይናገርም፤ ሁሉም ተደፍቶ እንደገና ይጀመራል። አንድ ጥብቅ ሕግም አለ፤ ከሙከራው በፊት አንድ ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ዓሣዎቹ አይመገቡም። ከበሉ ይጸዳዳሉ፣ የተረፋቸው ይበሰብሳል፣ ውሃው ይበላሻል፤ ከዚያ በምን እንደሞቱ ማን ያውቃል? ዓሣ ደግሞ አራት አምስት ቀን ባይበላ አይሞትም። ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር በዚያ ሰሞን ከስሜ ይልቅ ደጋግሜ ተናግሬያታለሁ።

ገንዳዎቹን ከሌላ ክፍል ለምኜ አመጣሁ። ዓሣዎቹን ከሐዋሳ በውሃ በርሜል አድርጌ በሚኒባስ ሳመጣ ረዳቱ በርሜሉን እንደ ሰው ቆጥሮ ወንበር አስከፈለኝ፤ ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌም እስከ ዲላ ድረስ «ጥብስ ነው ወይስ ሾርባ?» እያሉ አደረቁኝ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ክፍት ተደርጎ መቆየት አለበት፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ ለእሷ የተጠራቀመ መስሏት ኮሪደሩን ሙሉ አጠበችበት። ይሄም ይሁን። በመጨረሻ ሁሉም ተሟልቶ በሩ ላይ በትልቁ «ዓሣ ማብላት ክልክል ነው» ብዬ ለጠፍኩ። በማግስቱ አንድ ሰው ከሥሩ በእስክሪብቶ «ለምን?» ብሎ ጽፎበት አገኘሁ።

በሁለተኛው ቀን ንጹሑ ገንዳ ደፈረሰ። በሦስተኛው ዓሣዎቹ መገለባበጥ ጀመሩ። ጎንበስ ብዬ ታችኛውን አሸዋ ሳየው የቆጮ ፍርፋሪ፣ የዳቦ ልብ፣ የብስኩት ቁራሽና አራት አምስት ፍሬ ቆሎ ተኝቶበታል። ቆሎ። ለዓሣ።

ሁሉንም ሰበሰብኳቸው። «ማን ነው ያበላው?» ስል ሁሉም ጫማውን ያያል። ቀድማ የተነፈሰችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። «ትንሽ ነው፣ መምህርት። አንጀቴን በሉኝ። ስገባ ሁሉም ወደ እኔ ይመጣሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ።» ዓሣ አፉን የሚከፍተው ለመተንፈስ ነው ብላት እንዳልሰማች ሆነች። ከጎጃም መጥቶ ስንት ዓመት አብሮኝ የሠራው የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን፣ ሕጉን ከእኔ እኩል የሚያውቀው ሰውዬ፣ የገና ጾም ላይ ነበር። «እኔስ ጾሜ ነው፣ ፈቅጄ ነው» አለ። «እነሱን ግን ማን ጠይቋቸው ነው?» ብስኩቱ የክፍል ኃላፊያችን ሆኖ ተገኘ፤ እንግዳ ሲያስጎበኝ ጣል አድርጎላቸው ኖሯል። ቆሎው የጥበቃው ነው። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ያበሉ መስሏቸዋል፤ እያንዳንዳቸውም ትንሽ ነው የሰጡት። በአንድ ላይ ግን ድግስ ሆነ።

«እሺ የተራቡት አሳዘኗችሁ» አልኩ። «በመርዝ የሚሞቱትስ?»

«እነሱማ ሥራ ላይ ናቸው» አለኝ ቴክኒሺያኑ። ደሜ ፈላ፤ ሳቄም መጣ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሲመጡ እንዴት እንደሚያንቁ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሁሉንም ደፋሁ። እንደገና ዓሣ፣ እንደገና ውሃ፣ እንደገና ከሚኒባስ ረዳት ጋር ጭቅጭቅ። በዚህ መሐል ሴትየዋ በየጊዜው ትደውላለች። «ሞቱ?» ትለኛለች። «ሞተዋል፤ ግን ሞታቸው ትክክል አይደለም» እላታለሁ። «ሞት ሞት ነው» ትላለች። ሽማግሌዎቹ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። እሷ ግን እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት ኋላ ተቀምጣ ሳያልቅ እንደምትወጣ ነገረችኝ። የባሏ ወንድም ሚስት ድሮ አብራት መዘምራን ውስጥ ነበረች፤ አሁን ቦታ ቀይራለች። ይህን ስሰማ ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ፤ ይህቺ ሴት የዓሣ ቆሎ እስኪጸዳ ነው የምትሰቃየው።

ለሁለተኛው ሙከራ በሩን ቆለፍኩና ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ቴክኒሺያኑ «የባንክ ካዝና ሆነብን» እያለ ያሾፋል። ሦስት ቀን በሰላም አለፈ። በየገንዳው የሆነውን ሳይ ልቤ መለስ አለ፤ ጠንካራው መጠን ያለበት ገንዳ ውስጥ ሁሉም ሞተዋል፣ በመካከለኞቹ ጥቂት፣ መድኃኒቱ በሳሳባቸው ቀጫጭኖቹና በንጹሑ አንድም። የሚቀረኝ አንድ ሌሊት ነበር።

በዚያው ከሰዓት ሴትየዋ መጣች። ዲላ ዘመድ ቤት ልታድር፣ ጠዋት ውጤቱን ይዛ ልትሄድ። ዓሣዎቹን ልያቸው አለችኝ፤ አስገባኋት። ንጹሑን ገንዳ እያሳየኋት ሁሉንም ነገር አስረዳኋት፤ እነዚህ ምንም ያልነካቸው ናቸው፣ ምግብም አይሰጣቸውም፣ ነገ እነዚህ በሕይወት ካሉ ለነገርሽ ምስክር ይሆናሉ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ይህን ያህል በግልጽ ያስረዳሁት ተማሪ የለኝም። ከዚያ ስልኬ ጠራና ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ደረጃው ወጣሁ። ስመለስ ገንዳው ፊት ቆማ እጇን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ከዓሣዎቹ ጋር ተሰናብታ መስሎኝ ቆልፌ ሸኘኋት።

ያን ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ለገንዳዎቹ አየር የሚሰጠው መንፊያም ቆመ። ጠዋት ከእሷ ጋር አብረን ገባን። መጀመሪያ ያየሁት ቀጫጭኖቹን ገንዳዎች ነው፤ መብራት ቢጠፋም መርዝ ውስጥ ያደሩት ዓሣዎች እየዋኙ ነው። ንጹሑ ገንዳ ግን እንደ ብርዝ ደፍርሷል። ገሚሶቹ ተንጋለው ሞተዋል፤ የቀሩት አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይታገላሉ። ታች ቡናማ ነገር ተከምሯል።

«ምን ጨመርሽበት?» አልኳት። ድምፄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ነጠላዋን ፈታች። ጫፉ ላይ የተቋጠረ የእሸት ቡና ልጣጭ አለ፤ ከቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚወጣው፣ እርጥቡ፣ ከቆጮ ፍርፋሪ ጋር የተለወሰ። «የቤቴን ነው ያመጣሁት» አለች። «እነዚያን መድኃኒቱ ይዞአቸዋል፣ ምንም አይሆንላቸውም። እነዚህ ግን ጤነኛ ናቸው። ጤነኛ እንዴት ተርቦ ያድራል? ለኔም ነው የሚመሰክሩት አላልሽም?»

ምስክሮቿን አብልታ ማሳደሯ ነው። ልጮህ አፌን ስከፍት ግን እሷ እኔን ማየት ትታለች። ወደ መስታወቱ ጠጋ ብላ አፋቸውን ወደ ላይ ያደረጉትን ዓሣዎች ታያለች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«እንዲህ ነበር» አለች። «የኔም እንዲህ ነበር። ጠዋት፣ አፋቸው ወደ ላይ።»

«ኩሬው ውስጥ ልጣጭ ትጨምሪ ነበር?»

«ለቀማ ከተጀመረ ወዲህ። በየቀኑ። ቶሎ እንዲወፍሩ።»

ምን እንደሆነ ለመናገር ላቦራቶሪም አያስፈልግም ነበር። ልጣጩ ሲበሰብስ ውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል፤ ዓሣዎቹ ሌሊት ታፍነው ጠዋት ይሞታሉ። መርዝ ያልገባበትን ገንዳ የገደለው ይኸው ነው። ሰውየው መርጫውን ሙሉ ኩሬው ውስጥ ቢገለብጠው እንኳ የሚደርሰው መጠን ዓሣዎቹ በሕይወት ካደሩበት ቀጭን ገንዳ አይበልጥም። አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ነው የከረመው።

ይህን በለሰለሰ ቃል ነገርኳት። አላለቀሰችም። «እንግዲያውስ ውሸታም ነኝ» አለች።

«አልዋሸሽም፣ ተሳስተሻል።»

«ለአንቺ ልዩ ነው። እዚያ እሑድ ለቆመው ሰው አንድ ነው።» የነጠላዋን ጫፍ መልሳ ቋጥራ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ስልኳን አላነሳችም።

ንጹሑ ገንዳ ስለተበላሸ ሙከራው በሕጉ መሠረት ዋጋ የለውም። ለሦስተኛ ጊዜ ጀመርኩ። ልጣጭ ብቻ የተጨመረበት አንድ ገንዳም አከልኩ። በዚህ ጊዜ የጽዳት ሠራተኛዋ ራሷ በሩ ላይ ወንበር አስቀምጣ ጠበቀችልኝ፤ የክፍል ኃላፊውን እንኳ ኪሱን ፈትሻዋለች። ውጤቱ ያው ሆነ። ልጣጭ ያለበት ገንዳ ከጠንካራው መርዝ ብዙም ሳይዘገይ አለቀ።

ሶንጎው በተቀመጠ ቀን በሞተር ሳይክል ወደ ኢዲዶ ወጣሁ፤ አቧራውን ስውጥ፣ ትመጣ ይሆን ወይስ ትቀር ብዬ ሳብሰለስል። አልቀረችም። ከሴቶቹ ተነጥላ ብቻዋን ተቀምጣለች። የባሏ ወንድም ከፊት ለፊት ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ ሰው። ሚስቱ ከኋላው ተቀምጣለች። የበፊቱን ክርክር ሲያነሱ በጌዴኦኛ ነበር፤ ተራው እኔ ላይ ሲደርስ ወደ አማርኛ ዞሩ።

ስለ መጠን አስረዳሁ። ኬሚካል ሲበዛና ሲያንስ ልዩነት እንዳለው፣ ሙከራው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል። በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ ትልቁ ሽማግሌ «እሺ ልጄ፣ ገደለ ወይስ አልገደለም?» አሉኝ። እንደገና አስረዳሁ። «ገባኝ» አሉ። «ገደለ ወይስ አልገደለም?»

«በዚህ መጠን አልገደለም» አልኩ።

ከጎን አንድ ሰው «እንግዲህ መድኃኒቱ ደግ ነው ማለት ነው» ሲል ሰማሁ። «ደግ ነው አላልኩም» ብዬ ዞርኩበት፤ «ሲበዛ ሁሉንም ፈጅቷል፤ ውሃ ዳር አትርጩት።» ግን የሚሰማኝ አልነበረም። ሰው ሁሉ እሷን ያያል። ሰውየው ግን ተፈረደልኝ ብሎ ቀና አላለም።

«ታዲያ ምን ገደላቸው?» አሉ ሽማግሌው።

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ መልሱ ተጽፏል። አራት ወር ሙሉ ሰው ስቆጣ የኖርኩት እኔ፣ አንዲት ሴትን በሰፈሯ ሰው ፊት የምጥልበት ቃል አጣሁ።

እሷ ተነሳች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «እኔ ነኝ» አለች። «ልጣጭ አበላሁ፣ በላይ በላይ። በልተው ታፈኑ። ውሃው የተበላሸ በኔ እጅ ነው። እሱ አልነካም። የሰው ስም ያለ ጥፋት አጥፍቻለሁ፣ እናንተ ፊት ነው ያጠፋሁት፣ እናንተ ፊት መለስኩ።» ከዚያ የምትቀመጥበትን ቦታ የረሳች ይመስል ቆማ ቀረች።

ቀጥሎ የባሏ ወንድም ተነሳ።

«ልጣጩን እኔ ነኝ ያመጣሁላት» አለ። «ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ኩሬውን የሚያግዛት የለም። ከማጠቢያው በጆንያ እየተሸከምኩ ከአጥሯ ሥር አስቀምጥ ነበር። ዓሣ ይወደዋል፣ ጨምሪበት ያልኳትም እኔ ነኝ። እሷ ብቻዋን አልገደለችም።»

ያን ሁሉ ጊዜ «እኔ አይደለሁም» ሲል የከረመ ሰው ነው። አንድም ሰው ሳይጠይቀው፣ ነጻ በወጣ በደቂቃው።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ከጎናቸው ካሉት ጋር በቋንቋቸው መነጋገር ጀመሩ። እነሱ ሳይጨርሱ የሰውየው ሚስት ከኋላ ተነሳች፤ በመሐል አልፋ ሄደች፣ የቆመችውን ሴት ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻትና ከጎኗ ተቀመጠች። ሴትየዋ ያኔ ነው ያለቀሰችው፣ ፊቷን በሌላይቱ ትከሻ ላይ አድርጋ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ ብጠየቅ አቧራው ነው እል ነበር። ወረቀቴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።